ከአውሮፕላን ሊወረወር ተሠርቶ ከመኪና ሲወርድ የተሰበረ ቅርጫት

የገዛሁት ዕቃ የእንግሊዝ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥይት፣ የቆርቆሮ ምግብና መድኃኒት እያሸገ በፓራሹት ይጥልበት የነበረ የአኻያ ቅርጫት ነው። ያረጁ የጦር ዕቃዎችን ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ በ95 ፓውንድ ወሰድኩት፤ ለማድረሻ 18 ፓውንድ ተጨመረበት። ቤቴ የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አድራሹ ልጅ ከመኪናው ጀርባ ጎትቶ ሲያወርደው አንዱ ማዕዘን የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ መታና ቀጭ አለ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። «ሰማንያ ዓመት ሙሉ ደኅና ቆይቶ አንተን ጠበቀ» አለችኝ።

ጊዜ ለሌለው አንባቢ ፍርዴን አስቀድሜ ልስጥ፤ ለቅርጫቱ ከአምስት አራት፣ ለሻጩ ከአምስት አንድ። አንዱንም የሰጠሁት ስልክ ስለሚያነሣ ነው።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምፈርደው ያለ ምክንያት አይደለም። በርሚንግሃም ዳር በሚገኝ መጋዘን የማሸጊያ ክፍል ውስጥ 22 ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ በፊት በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የእህል ጆንያ ቆጣሪ ነበርኩ። እንጀራ ጋጋሪ የሌላ ሰው እንጀራ ስታይ መጀመሪያ ዓይኑን እንደምትመረምር ሁሉ፣ እኔም የታሸገ ዕቃ ሳይ መጀመሪያ ማዕዘኑን፣ ቀጥሎ ቋጠሮውን እመለከታለሁ። ሰው ቤት ተጋብዤ እንኳ ጥግ ላይ የተቀመጠ ካርቶን ካየሁ ዓይኔ ከእሱ አይነቀልም።

ቅርጫቱ ሁለት ክፍል አለው፤ ታችና ላይ። የላይኛው እንደ ሞሰብ ክዳን በታችኛው ላይ ወርዶ ይሸፍነዋል። ጭነቱ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ሲያንስ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ውስጡ ባዶ ቦታ አይተርፍም። ይህን ያሰበው ሰው በእጁ ዕቃ አሽጎ የሚያውቅ መሆን አለበት። ዕቃን የሚሰብረው ከውጭ የሚመጣው ምት ብቻ አይደለም፤ ውስጥ ያለው ክፍተትም ነው። ክፍተት ካለ ዕቃው እርስ በርሱ እየተላተመ ያልቃል። በጦርነቱ ጊዜ ዙሪያውን ጠፍጣፋ የሸራ ጠፍር ይዞረውና በዘለበት ይጠብቅ ነበር፤ ፓራሹቱም ከላይ ከጠፍሮቹ ጋር ይታሰር ነበር። ጎኑ ላይ የዶሮ እግር አሻራ የመሰለ ባለ ሦስት ጣት ምልክት በጥቁር ቀለም ታትሞበታል። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረቱን የሚለይበት የቆየ ምልክት ነው። ከሥሩ 1944 የሚል ቁጥር በጭንቅ ይነበባል።

ብረት ሲመታ ይጨረመታል፣ ጣውላ ይሰነጠቃል፤ አኻያ ግን ይጎብጥና ይመለሳል። መሬት ሲያርፍ የምቱን ጉልበት ራሱ ይውጠዋል። ቀላልም ነው፤ አውሮፕላን የሚሸከመው ክብደት የዕቃው እንጂ የማሸጊያው እንዲሆን ማንም አይፈልግም። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ሶመርሴት በሚባለው አገር ረግረጉ ላይ አኻያ ይተከላል፤ በጦርነቱ ጊዜ የዚያ አገር ቅርጫት ሠሪዎች እጅ ለዚሁ ሥራ ውሏል። ክዳኑን ሲጫኑት ሲጥ የሚል ድምፅ ያሰማል። አንዳንድ ሌሊት ማንም ሳይነካው ብቻውን ሲጥ ይላል። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት ከመኝታ ቤት አስወጥታዋለች።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። ማስታወቂያው «ጠፍሮቹ የጦርነቱ ዘመን የሆኑ፣ በበርማ ጫካ በፓራሹት የወረደ» ይላል፤ በርማ ዛሬ ሚያንማር የምትባለው አገር ናት። ጠፍሮቹን በጣቴ እንደ ዳሰስኳቸው ናይለን መሆናቸውን አወቅኩ፤ ዘለበቶቹም ከማንኛውም የመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገዙ ናቸው። ደወልኩለት። «የቀድሞዎቹ ነትበው ስለነበር ለደንበኛው ደኅንነት ቀየርናቸው» አለኝ። ለደኅንነቴ ስላሰበ አመሰገንኩት። ከመግዛቴ በፊት ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው ግን ስለ አየር ጠባይ አወራኝ።

የበርማውን ነገር ደግሞ ቅርጫቱ ራሱ ይክደዋል። በርማ ጫካ የወረደ ቅርጫት ተመልሶ አይመጣም። ማን ይመልሰዋል? የወረደለት ወታደር ጥይቱንና ምግቡን ተከፋፍሎ፣ በጀርባው ተሸክሞ፣ ጠላት ሳይደርስበት ከቦታው መራቅ አለበት። ባዶ ቅርጫት ይዞ ተራራ የሚወጣ ሞኝ የለም። ደኅና ሆኖ እጄ የገባ ቅርጫት ማለት ተራው ሳይደርስ ጦርነቱ ያለቀበት፣ መጋዘን ውስጥ ተደራርቦ የከረመ ቅርጫት ማለት ነው። ይህን ለሻጩ ብነግረው «ታሪክ ያውቃሉ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

ቢሆንም በርማ ለእኔ ባዕድ ቃል አይደለችም። የተማርኩት በርማ ውስጥ በተዋጋ እንግሊዛዊ መኮንን ስም በተሰየመው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ ዊንጌት አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር ስም ሆኗል፤ የታክሲ ረዳቶች «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያሉ ሲጣሩ ሰውዬው ማን እንደነበር የሚያስብ ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። እኛም ተማሪዎች ሳለን የምናውቀው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል መጥቶ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ መግባቱን ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ወዴት እንደ ሄደና እንዴት እንደ ሞተ የተረዳሁት እንግሊዝ አገር ከመጣሁ በኋላ ነው።

ዊንጌት ወደ ጎጃም ሲገባ ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙለት ከሱዳን የተነዱ ግመሎች ነበሩ። ግመል የቆላ ከብት ነው። ወደ በላያና ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ ድንጋዩና ብርዱ ፈጀው። በሺዎች ከሚቆጠሩት አብዛኞቹ በየመንገዱ ቀሩ፤ ኋላ የሚመጣው ሰው የጦሩን መንገድ በሬሳቸው ሽታ ያገኘው ነበር ይባላል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1943፣ ያው ሰው ሦስት ሺህ ያህል ወታደር ይዞ በጃፓን እጅ ወደ ነበረው የበርማ ጫካ ገባ። በቅሎ ይዟል፤ ስንቁን ግን የሚጠብቀው ከሰማይ ነበር። ቺንዲት የተባሉት እነዚህ ወታደሮች የሚያስፈልጋቸውን በሬዲዮ ይጠይቃሉ፤ ሕንድ ውስጥ ያለው አሻጊ ያሽጋል፤ አውሮፕላን መጥቶ እሳት ባነደዱበት ገላጣ ቦታ ላይ ይጥልላቸዋል። ከተጣሉት ዕቃዎች መካከል የሰው ሠራሽ ጥርስና የአንድ መኮንን የአንድ ዓይን መነጽር ሳይቀር ነበረበት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛውና ትልቁ ዘመቻ ተጀመረ። ዊንጌት ግን መጨረሻውን አላየም፤ ማርች 24 ቀን 1944 የተሳፈረበት አውሮፕላን ሕንድ ውስጥ በማኒፑር ተራራ ላይ ወድቆ ሞተ።

ሰዎች ስለ አብራሪዎቹና ስለ ጄኔራሎቹ ብዙ ያወራሉ። እኔን የሚይዘኝ አሻጊው ነው። በበርማ የተዋጋው የእንግሊዙ ጄኔራል ስሊም 14ኛ ጦር ስንቁን ከሚያሽግባቸው ቦታዎች አንዷ ዛሬ ባንግላዴሽ ውስጥ የምትገኘው ኮሚላ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ ጃፓኖች በአራካን፣ በምዕራብ በርማ የባሕር ዳር አገር፣ የሕንድን ጦር ሲከብቡ በየማሸጊያው የነበሩት ሰዎች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ሠሩ። ሥራው ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ማን ምን እንደሚበላ ማወቅ ያስፈልጋል። የእንግሊዙ የቆርቆሮ የበሬ ሥጋ ለሂንዱ ወታደር አይሄድም፤ አሳማ የነካው ለሙስሊሙ አይሄድም፤ አንዱ ሩዝ፣ ሌላው የስንዴ ዱቄት ይፈልጋል። የጥቅሉ ምልክት ከተሳሳተ በተራበ ሰው ፊት የማይበላው ምግብ ከሰማይ ይወርድለታል። በሁዳዴ ለጾመኛ ቅቤ እንደ መላክ ነው፤ ያውም ለመመለስ ፖስታ ቤት በሌለበት አገር። እዚያው አራካን ውስጥ በካላዳን ሸለቆ ይዋጋ የነበረው 81ኛው የምዕራብ አፍሪካ ክፍለ ጦር ጭራሹን ቀለቡ ሁሉ ከአየር የሚወርድለት ነበር። ወደ በርማ ከዘመቱት ናይጄሪያውያን መካከል ደግሞ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ጣሊያን የመሸገበትን የማርዳን በር ሰብረው ሐረር የገቡ ነበሩባቸው።

የፓራሹቱ ታሪክ ከዚህም ይጥማል። ፓራሹት አለቀ፤ ከአውሮፓው ጦርነት ተርፎ ወደዚያ የሚላክ የለም። ስሊምና የስንቅ ኃላፊው ስኔሊንግ በአካባቢያቸው ያለውን ነገር መፈለግ ያዙ። ኮሚላ ያለችበት ቤንጋል የጆንያ አገር ናት። የካልካታ የጆንያ ፋብሪካዎች ባለቤቶች ተለመኑ፤ በጥቂት ሙከራ ከጆንያ ጨርቅ የተሰፋ ፓራሹት ተሠራ። የአንዱ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ መደበኛው ግን ከ20 ፓውንድ በላይ ይፈጅ ነበር። ብቃቱ የመደበኛውን ሰማንያ አምስት በመቶ ያህል ነበር። ሰውና ቶሎ የሚሰበር ዕቃ አያወርዱበትም፤ ለሩዝና ለጥይት ግን ይበቃል።

ይህን ባነበብኩ ጊዜ ከወንበሬ ተነሥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ቡናችን ወደ ውጭ የሚሄድበት ጆንያ እኮ ከዚያው ከቤንጋል የሚመጣ ነው። ስንት ጊዜ ተደግፌው ቆሜያለሁ! ወደ ሰማይ ቀና ብዬ ጆንያ ተንሳፍፎ ሲወርድ ለማየት ግን አእምሮዬ አልደፈረም። ሒሳቡንም ሠራሁት። መቶ የጆንያ ፓራሹት መቶ ፓውንድ ገደማ ነው፤ መቶ መደበኛ ፓራሹት ሁለት ሺህ ፓውንድ ያልፋል። አሥራ አምስት ጥቅል ቢበላሽ እንኳ ያዋጣል። በእኔ መጋዘን ከመቶ ሁለት ዕቃ ቢሰበር አለቃዬ ቢሮው ይጠራኝ ነበር፤ ስሊምን የሚጠራው ግን ረሃብ ነበር።

ከሁሉ የሚረክሰው ያለ ፓራሹት መጣል ነው። በበርማ ሩዝ፣ የበቅሎ ቀለብና ልብስ እንዲሁ ይወረወር ነበር። ምስጢሩ ያለው ጆንያው አሞላል ላይ ነው፤ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ። በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ከአዲስ አበባ እየተነሡ መንገድ ለሌላቸው የደጋ ቀበሌዎች እህል ሲጥሉ ፓራሹት አልነበረም። አውሮፕላኑ መሬቱን ሊልስ እስኪመስል ዝቅ ይልና ወታደሮቹ ይገፉታል። እህሉ ከመሄዱ በፊት ግን ላላ ተደርጎ ይሞላና ጆንያው በሌላ ጆንያ ውስጥ ይከተታል። ቁጥሩ ስለሚዛባብኝ እኔ አኩርፌ ነበር፤ በወረቀቴ ላይ አንድ የሆነው መሬት ላይ ሁለት ጆንያ ነው። አንድ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ወታደር ኩርፊያዬ ገባው መሰለኝ፣ ቋንቋ ሳንግባባ እጄን ይዞ አውራ ጣቴን ጥርቅም ብሎ በተሞላ ጆንያ ላይ አስጫነኝ። ከበሮ ነው፤ ጣቴ አልገባም። ቀጥሎ በላላው ላይ አስጫነኝ። ጣቴ እስከ አንጓው ሰመጠ። ከዚያ በሁለት እጁ ፈንድቶ የሚበተን ነገር አሳየኝና ወደ መጀመሪያው ጆንያ ጠቆመኝ። የተወጠረ ነገር ሲመታ መሄጃ የለውም፤ ይፈነዳል። የላላው ወደ ጎን ይፈስሳል፤ የውስጡ ቢቀደድ እንኳ የውጩ ይይዘዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላኮረፍኩም።

ቅርጫቱን ስገዛ ይህ ሁሉ ተነሣብኝና ዕቃውን ሳልፈትን ግምገማ መጻፍ ነውር መሰለኝ። የእህቴ ልጅ የሚኖረው በአንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሰገነቱ እስከ ሣሩ ድረስ ለክተን ሦስት ሜትር ገደማ አገኘን። ቁጥሩ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። ጭነት በፓራሹት ሲወርድ መሬት የሚመታው በሰከንድ ሰባት ወይም ስምንት ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው። ያ ማለት ያለ ፓራሹት ከሦስት ሜትር ከፍታ እንደ መጣል ነው። ስለዚህ የልጁ ሰገነት ለእኔ በርማ ሆነልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሩዝ ገዝቼ ሄድኩ። ባለቤቴ ጤፍ እንዳላስነካ አስምላኛለች። መጀመሪያ አሥር ኪሎ ሩዝ በአንድ ጆንያ ጥርቅም አድርጌ ሞልቼ፣ አፉን በሲባጎ ሰፍቼ ጣልኩት። ጷ ብሎ በጎኑ ተቀደደ፤ የሠፈሩ ርግቦች ማን እንደ ነገራቸው እንጃ ወዲያው መጡ። ሁለተኛውን አሥር ኪሎ በትልቅ ጆንያ ውስጥ ላላ አድርጌ፣ ያንንም በሌላ ጆንያ ከትቼ ጣልኩት። ድምፁ ዱብ ብቻ ነው። ወርደን ስናየው አንዲት ፍሬ አልወጣችም። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ በቃ ገባኝ» አለኝ፤ እኔ ግን ገና መጀመሬ ነበር።

ቅርጫቱ ሥር አራት ጣት ያህል ጭድ አነጠፍኩ። ከባዱ ከታች መሆን ስላለበት የሩዝ ጥቅሎች ተኛበት። መሀሉ ላይ አንገቷ የተሸረፈ አሮጌ የሸክላ ጀበና በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ፣ ዙሪያዋን ስድስት ስኒ በየፊናው ጠቀለልኩ። ደንቤ አንድ ነው፤ የሚሰበር ነገር ከግድግዳው አራት ጣት፣ ከጎረቤቱ ሁለት ጣት ይራቅ። ክዳኑን ጭነን በጠፍሩ አጠበቅንና ለሁለት ተሸክመን በሰገነቱ አጥር ላይ አሳለፍነው። ሲያርፍ ቅርጫቱ እንደ ሰው አቃሰተ። አንዱ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባና ዓይናችን እያየ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ምድር ቤት ያሉት እንግሊዛዊት አሮጊት በመስኮት ብቅ ብለው ቤት እየለቀቅን እንደሆነ ጠየቁን። ቡና ልናፈላ እንደሆነ ነገርናቸው።

ጀበናዋ ደኅና ናት። አምስት ስኒ ደኅና ነው፤ አንዱ ተሰንጥቋል። ጥፋቱ የቅርጫቱ አይደለም። ሁለቱን ስኒዎች ጨርቁ ስላለቀብኝ አቀራርቤ ነበር ያስቀመጥኳቸው፤ እየሠራሁ ሳለሁ አውቄዋለሁ፤ ግን ተጣደፍኩ።

የእኛ ጭነት አርባ ኪሎ አይሞላም። በእውነተኛው ሥራ የአንዱ ቅርጫት ጭነት 160 ኪሎ ይደርስ ነበር። ዳኮታ በሚባለው የጭነት አውሮፕላን ወለል ላይ ተሽከርካሪ ዘንጎች የተደረደሩበት ሐዲድ ይዘረጋና ቅርጫቱ በዚያ ተንሸራትቶ በጎን በር ይወጣል። የፓራሹቱን ከረጢት የሚከፍተው ገመድ አንዱ ጫፍ አውሮፕላኑ ውስጥ በተወጠረ ሽቦ ላይ ይቀራል፤ ቅርጫቱ ሲወድቅ ገመዱ ይጎትትና ይከፍተዋል። ወለሉ እየተናጠ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ያን ሁሉ የሚገፉት ከአየር ኃይሉ ሳይሆኑ ከምድር ጦሩ የስንቅ ክፍል የመጡ ሰዎች ነበሩ። ዴቪድ ሎርድ የተባለው አብራሪ በበርማ ላይ ስንቅ ሲጥል የቆየ ሰው ነው። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1944 ሆላንድ ውስጥ አርንሄም ላይ ሞተሩ እየነደደ ጭነቱን ጣለ፤ ሁለት እንደ ቀሩ ሲነገረው ዞሮ ተመልሶ እነሱንም ጣለ፤ ከዚያ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። ከአውሮፕላኑ የተረፈው አቅጣጫ መሪው ብቻ ነው። ሎርድ ከሞተ በኋላ የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለመ። ከአራቱ ገፊዎች አንድም አልተረፈም። ዕቃው የወረደበት ቦታ ደግሞ በዚያ ሰዓት በጀርመኖች እጅ ነበር። ያን ቅርጫት ያሸገው ሰው ይህን መቼ እንደ ሰማ እያሰብኩ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሥራው በበርማ አላበቃም። በማላያ፣ በዛሬዋ ማሌዥያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1960 በቆየው የሽምቅ ውጊያ እንግሊዞች በጫካው ልብ ውስጥ ኦራንግ አስሊ ለሚባሉት የጫካው ነባር ነዋሪዎች ቅርብ የሆኑ ምሽጎች ሠሩ፤ ፎርት ብሩክና ፎርት ኬማር ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። መኪና አይደርስባቸውም። ዛፉ ስልሳ ሜትር ይረዝማል፤ መጣያው በሸለቆ ውስጥ ያለች የመሐረብ ስፋት ናት። ትንሽ ከዘገዩ ጥቅሉ ዛፍ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ከዳኮታ በኋላ የመጣው ቫሌታ የሚባለው አውሮፕላን ደግሞ የክንፉ ዋና ተሸካሚ ብረት መሀል ወለሉን አቋርጦ ያልፍ ነበር። ያንን ሁሉ ጭነት በዚያ ብረት ላይ እያሻገሩ መግፋት ምን ማለት እንደሆነ ወገቡን የታመመ አሻጊ ይነግራችኋል። ከኔፓል ለመጡት የእንግሊዝ ጦር የጉርካ ወታደሮች በሕይወት ያሉ ዶሮዎች ሳይቀሩ በፓራሹት ወርደዋል። ከደረሱት ዶሮዎች ውስጥ ዕንቁላል የጣለች እንደ ነበረች ለማወቅ ብዙ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ለመግዛት ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱት፤ የሻጋታ ሽታ ካለው በበርሚንግሃም ፀሐይ ቶሎ አይለቅም፤ የእኔን ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ገልብጣችሁ ሥሩን በመዳፍ ጫኑት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ደርቋል፣ ሲጥ ካለ ገና ነፍስ አለው። የተሰበረውን ማዕዘን ለማስጠገን ሶመርሴት ድረስ ልልከው ነበር፤ ዋጋውን ስሰማ ተውኩት። ባለቤቴ የአኻያ ቀንበጦች ገዝታ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዘፍዝፋ አሳደረቻቸው፤ ጠዋት ለስልሰው እንደ ገመድ ሲታጠፉ የእናቷን ወስፌ አውጥታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰችው። እጅ ሥራው ከእንግሊዙ አይመሳሰልም፤ ይጠነክራል። ገንዳው ቡናማ ሆኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ጉዳይ በቤታችን አይወራም።

ከዚያ ዕቃ ሞልቼ አዲስ አበባ ለምትገኘው ለታላቅ እህቴ በባሕር ጭነት ላክሁት፤ የብርጭቆ ሳሕኖች፣ መፍጫ፣ የልጆች ጫማና ሁለት ትልልቅ የመስታወት ማሰሮዎች ነበሩበት። አራት ጣትና ሁለት ጣት የሚለውን ደንብ በዚህ ጊዜ አልጣስኩም። ከሦስት ወር በኋላ ደወለች።

«ወንድምዓለም፣ ሁሉም ደኅና ገብቷል። አንድም የተሰበረ የለም። ቅርጫቱን ግን አትጠብቀኝ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ምን ሆነ?»

«ጭዱን ሳላወጣ በረንዳ ላይ አሳድሬው ዶሮዋ ገብታ ያዘችው። አሥራ አንድ ዕንቁላል ታቅፋለች፤ እጄን ሳስጠጋ ትነክሰኛለች። ጎኑ ላይ የእግሯን ምልክት አይታ የእሷ መስሏት ነው መሰለኝ።»